ተመራማሪን የሚያግዝ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ እንዴት ይሠለጥናል? ዝርዝር መመሪያ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሥልጠና መርሐ ግብር እንዳዘጋጅ በተጠየቅኩ ጊዜ ያደረግኩት አብዛኛው አሠልጣኝ የሚያደርገውን ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ የሚጠቀምባቸውን ዳታቤዞች ዘረዘርኩ፤ ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ቀን መደብኩ፤ የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ በስክሪን እያሳየሁ አምስት ቀን ሙሉ ተናገርኩ። ሠልጣኞቹ በትዕግሥት አዳምጠው፣ የምስክር ወረቀታቸውን ተቀብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከዳታቤዞቹ አንዱ ገጹን ሲቀይር የዚያ ግማሽ ቀን ገለጻ ዋጋ አጣ። ከዚያ የባሰው ግን ሌላ ነው፤ አንዲት የዶክትሬት ተማሪ «በርዕሴ ላይ የተጻፈ ምንም ነገር አጣሁ» ብላ ወደ መረጃ ዴስኩ ስትመጣ፣ ካሠለጠንኳቸው አንዱ «እንግዲህ ርዕሱን መቀየር ነው» ብሎ መለሳት። ቁልፎቹን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጥያቄ እንዴት እንደሚፈታ ግን ያሳየው ሰው አልነበረም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎችና ሥልጠና ለሚያስተባብሩ ባለሙያዎች ሲሆን፣ መነሻውም ከዚያ ስሕተት የተገኘ አንድ ሐሳብ ነው፦ ባለሙያው ተመራማሪን ማገዝ የሚችለው ተመራማሪው የሚሠራውን ሥራ በትንሹም ቢሆን በገዛ እጁ ሠርቶ ሲያየው ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ከገለጻ ይልቅ ለልምምድ ያደላሉ።

ደረጃ 1፦ ከሁሉ በፊት ጥያቄዎቹን መሰብሰብ

ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ ለአራት ሳምንታት፣ በመረጃ ዴስክ የሚቀመጡ ሠራተኞች ከተመራማሪዎች የሚቀርብላቸውን ጥያቄ ሁሉ በአንድ መዝገብ እንዲያሰፍሩ ያድርጉ። መዝገቡ አምስት ዓምዶች ቢኖሩት ይበቃል፦ ጥያቄው፣ የጠያቂው የትምህርት ክፍል፣ የተሰጠው ምላሽ፣ የፈጀው ጊዜ፣ እና ጥያቄው ያልተመለሰ ከሆነ ለማን እንደተላለፈ። የጠያቂው ስም አይጻፍ። ጥያቄው ግን በጠያቂው አፍ እንደተነገረ መጻፍ አለበት። «የማጣቀሻ ፍለጋ» ተብሎ የተጠቃለለ መስመር ለአሠልጣኙ ምንም አይነግረውም፤ «አማካሪዬ የቅርብ ጊዜ ጽሑፎችን አምጪ ይሉኛል፣ የማገኘው ሁሉ ግን የድሮ ነው» የሚለው ግን ሙሉ የሥልጠና ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል።

ከመዝገቡ ጎን ለጎን በተለያየ የሥራ ደረጃ ላይ ካሉ አምስት ወይም ስድስት ተመራማሪዎች ጋር አንድ አንድ ሰዓት ይቀመጡ። «ምን ያስፈልግዎታል?» ብለው አይጠይቋቸው፤ መልሱ ብዙውን ጊዜ «ተጨማሪ ጆርናል ይገዛልን» ነው። ይልቁንም ለመጨረሻ ጊዜ ጽሑፍ ሲፈልጉ የሄዱበትን መንገድ በራሳቸው ኮምፒዩተር ላይ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁና ዝም ብለው ይመልከቱ። ፋይላቸውን እንዴት እንደሚሰይሙ፣ አንድን ጽሑፍ ለምን እንደዘለሉት፣ ክፍያ የሚጠይቅ ገጽ ሲገጥማቸው ወዴት እንደሚሄዱ የሚታወቀው ያኔ ነው።

የተሰበሰቡትን ጥያቄዎች በዓይነታቸው ሲለዩ የሥልጠናው የጊዜ ድልድል በራሱ ይወጣል። ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ ሰፊውን ጊዜ ይውሰድ፤ በአራት ሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የተጠየቀው በአንድ ገጽ ማስታወሻ ሊታለፍ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ሠራተኛው የት እንዳለ ማወቅ

የጽሑፍ ፈተና አያስፈልግም። በምትኩ እያንዳንዱን ሠልጣኝ ኮምፒዩተር ፊት አስቀምጠው በ90 ደቂቃ ውስጥ የሚሠሩ ስድስት ተግባሮችን ይስጡ። ለምሳሌ ዓመቱና የጆርናሉ ስም የጎደለበትን ማጣቀሻ አሟልቶ ማግኘት፤ አንድ ጆርናል በስኮፐስ (የምርምር ጽሑፎችን በሚመዘግበው ዳታቤዝ) እንደሚካተት ማረጋገጥ፤ ክፍያ የሚጠየቅበትን ጽሑፍ በሕጋዊ መንገድ በነፃ የሚገኝ ቅጂ እንዳለው ማጣራት፤ የአንድ ደራሲ ስም በተለያየ አጻጻፍ ሲገኝ ሥራዎቹን መለየት። ሠልጣኙ መልሱን ብቻ ሳይሆን የሄደበትን መንገድ እንዲጽፍ ይጠየቅ፤ በዕድል የተገኘ ትክክለኛ መልስ ከታሰበበት ስሕተት ያነሰ ያስተምራል። ውጤቱ በይፋ አይለጠፍ፣ ለዕድገትም አይዋል፤ ይህ ካልተረጋገጠላቸው ሠልጣኞች የማያውቁትን ይደብቃሉ።

በዚህ ውጤት ላይ ተመሥርተው ኃላፊነት ይከፋፍሉ። ሁሉንም ሰው በሁሉም ነገር ባለሙያ ለማድረግ መሞከር ገንዘብና ጊዜ ያባክናል። ዴስክ ላይ የሚቀመጥ ሁሉ ጠያቂን ማነጋገር፣ መሠረታዊ ፍለጋ ማካሄድና ከአቅሙ በላይ የሆነውን ለሚመለከተው ማስተላለፍ ሊችል ይገባል። ከዚያ በላይ ያለውን፣ ማለትም ሥርዓታዊ ዳሰሳን (በአንድ ጥያቄ ላይ የተጻፈውን ሁሉ በተወሰነ ዘዴ ፈልጎ ማጠቃለልን)፣ የጥናት ዳታ አያያዝን፣ የቅጂ መብትንና የኅትመት ጉዳዮችን፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሰው ወስዶ በጥልቀት ይማር። ሁለት መሆኑ አስፈላጊ ነው፤ አንዱ ፈቃድ ሲወጣ አገልግሎቱ አብሮት ፈቃድ መውጣት የለበትም።

ደረጃ 3፦ ጠያቂን ማነጋገር

በእኔ ግምት ሥልጠናው ሊያሳካው ከሚገባው ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚዘለለው ይኸው ነው። ሮበርት ቴይለር የተባሉት የመረጃ ሳይንስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 (በዚህ መመሪያ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባወጡት ጽሑፍ እንዳብራሩት፣ ሰው ወደ ቤተ መጻሕፍት ይዞት የሚመጣው ጥያቄ በውስጡ ያለው ፍላጎት ራሱ አይደለም፤ ቤተ መጻሕፍቱ ሊመልስልኝ ይችላል ብሎ በሚገምተው ልክ የተቀነሰና የተለወጠ ነው። የሚከተለውን ንግግር ለሠልጣኞች ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።

ተመራማሪ፦ «ስለ ነርሶች እንቅልፍ የተጻፉ ጽሑፎች ፈልጌ ነበር።»

ባለሙያ፦ «እሺ፤ በትክክል እንድፈልግልዎት ስለ ጥናትዎ ትንሽ ይንገሩኝ።»

ተመራማሪ፦ «በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ነርሶች ላይ ነው። ድካማቸው ከመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተት ጋር ይገናኛል ወይ የሚለውን ነው የማጠናው።»

ባለሙያ፦ «እስካሁን የት ፈለጉ? ምን ምን ቃላት ተጠቀሙ?»

ተመራማሪ፦ «ጉግል ስኮላር ላይ፣ ‹የነርሶች እንቅልፍ› ብዬ። ብዙ ነገር መጣ፤ ስለ ስሕተቱ የሚናገር ግን እምብዛም ነው።»

ባለሙያ፦ «ጽሑፎቹን ለየትኛው የሥራዎ ክፍል ነው የሚያውሏቸው?»

ተመራማሪ፦ «እውነቱን ለመናገር የንድፈ ሐሳቡን ክፍል ጨርሻለሁ። አሁን የቸገረኝ ስሕተቱን የምለካበት መጠይቅ ነው፤ ሌሎች ተጠቅመውበት የተፈተነ።»

በሦስት ጥያቄ «የነርሶች እንቅልፍ» የነበረው ወደ «የተፈተነ መለኪያ» ተለወጠ። ባለሙያው በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ ወደ ኪቦርዱ ቢቸኩል ኖሮ ተመራማሪው ስለ እንቅልፍ የተጻፉ 40 ጽሑፎች ይዞ፣ አመስግኖ፣ መጠይቁን ሳያገኝ ይሄድ ነበር።

ልምምዱ እንዲህ ይካሄዳል። ሠልጣኞች በሦስት በሦስት ይከፈሉ፤ አንዱ ጠያቂ፣ አንዱ ባለሙያ፣ አንዱ ታዛቢ ይሁን። ጠያቂው ከደረጃ 1 መዝገብ አንድ ጥያቄ ይወስድና ከበስተጀርባው ያለውን እውነተኛ ፍላጎት በወረቀት ጽፎ ያጥፈዋል። ታዛቢው ስለ ጥሩነትና መጥፎነት አይፈርድም፤ ሁለት ነገር ብቻ ይቆጥራል፦ ባለሙያው ስንት ክፍት ጥያቄ እንደጠየቀና ኪቦርዱን እስኪነካ ስንት ሰከንድ እንደቆየ። ከዚያ ወረቀቱ ይከፈታል። በመጀመሪያው ዙር ከወረቀቱ ጋር የሚገጥመው ጥቂት ነው፤ በሦስተኛው ዙር ግን ልዩነቱን ሠልጣኞቹ ራሳቸው ያዩታል።

እዚህ ላይ በግልጽ መነገር ያለበት የማዕረግ ጉዳይ አለ። ብዙ ሠራተኞች ፕሮፌሰርን መልሶ መጠየቅ ድፍረት ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ «እሺ» ብለው የተባለውን ብቻ ይፈልጋሉ። «ለምን ፈለጉት?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ በእርግጥም ምርመራ ይመስላል። መፍትሔው አፍ የሚለምዳቸውን ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ማስታጠቅ ነው፦ «በትክክል እንድፈልግልዎት…»፣ «እስካሁን ያገኙት ምን ጎደለው?»፣ «አንድ ሁነኛ ጽሑፍ ቢያገኙ ምን ምን እንዲይዝ ይፈልጋሉ?»። ንግግሩ ሲያበቃም «ያሰቡት ይህንን ነበር?» ብሎ ማረጋገጥ አይቀርም።

ደረጃ 4፦ ፍለጋን በወረቀት ጀምሮ በስክሪን መጨረስ

የመጀመሪያው የፍለጋ ክፍለ ጊዜ ኮምፒዩተር ተዘግቶ ይካሄድ። የነርሶቹን ጥናት እንደ ምሳሌ ብንይዝ፣ ሠልጣኙ ወረቀቱን በሦስት ዓምድ ከፍሎ በአንደኛው ሰዎቹን (ነርሶች)፣ በሁለተኛው ሁኔታውን (የሌሊት ፈረቃ)፣ በሦስተኛው ውጤቱን (የመድኃኒት ስሕተት) ይጽፋል። ከየዓምዱ ሥር ለዚያው ሐሳብ ደራሲዎች ሊጠቀሙባቸው የሚችሉትን ሌሎች ቃላት ሁሉ ይደረድራል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ያሉት ከላይ ወደ ታች «ወይም» በሚለው ማያያዣ ይገናኛሉ፤ ዓምዶቹ ደግሞ እርስ በርስ «እና» በሚለው ይያያዛሉ። በዳታቤዝ ውስጥ እነዚህ የእንግሊዝኛዎቹ «ኦር» እና «ኤንድ» ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ዓምድ በቅንፍ መታቀፍ አለበት፤ ቅንፉ ሲረሳ ማሽኑ ቃላቱን በራሱ ቅደም ተከተል ያያይዝና ውጤቱ ይበላሻል።

ቀጥሎ የቃላት ማሳጠሪያ ይመጣል። «ነርስ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጨረሻዋን ፊደል ቆርጠን የኮከብ ምልክት ብናደርግ ነጠላውን፣ ብዙ ቁጥሩንና «ነርሲንግ»ን በአንዴ ያመጣል። ነገር ግን «ነርሰሪ»ንም ያመጣል፤ ስለዚህ ስለ ሕፃናት ማቆያና ስለ ችግኝ ጣቢያ የተጻፉ ጽሑፎች ከነርሶቹ ጋር ተቀላቅለው ይመጣሉ። ሠልጣኙ ይህን ከአሠልጣኙ ከሚሰማ ራሱ ፈልጎ፣ የችግኝ ጽሑፍ አይቶ ቢስቅ ይሻላል፤ አይረሳውም።

የ«ኖት» ማያያዣ ለብቻው ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። ስለ አዋቂዎች የሚያጠና ሰው «ሕፃናት» የሚለውን ቃል ቢያስወጣ፣ አዋቂዎችንና ሕፃናትን በአንድነት ያጠኑ ጽሑፎችም አብረው ይወጣሉ። ለጀማሪ የምመክረው ጨርሶ እንዳይነካው ነው።

ከነፃ ቃላት ቀጥሎ ዳታቤዙ አስቀድሞ የወሰናቸውን የርዕስ ቃላት ይማሩ። የሕክምና ጽሑፎች ዳታቤዝ በሆነው በፐብሜድ የሚሠራባቸው የሜሽ ርዕሶች ጥሩ ማስተማሪያ ናቸው፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ከ1960 ጀምሮ የሚያዘጋጃቸው ሲሆን፣ አንዱ ደራሲ «የሌሊት ተረኛ» ሌላው «የፈረቃ ሥራ» ብሎ የጻፈውን በአንድ ርዕስ ሥር ያሰባስባሉ። በጣም አዲስ የሆኑ ጽሑፎች ርዕስ ሳይሰጣቸው ሊቆዩ ስለሚችሉ ግን ሁለቱን መንገዶች ማጣመር ግዴታ ነው።

ፍለጋው ይሠራ እንደሆነ የሚታወቀው በሙከራ ነው። ተመራማሪው ለጥናቱ አግባብ መሆናቸውን አስቀድሞ የሚያውቃቸውን ከሦስት እስከ አምስት ጽሑፎች ይጠየቅ። ፍለጋው ከእነዚህ አንዱን እንኳ ካልያዘ፣ የጽሑፉን ርዕስ፣ አጠቃሎና የርዕስ ቃላት ተመልክቶ የጎደለውን ቃል መለየትና ማካተት ያስፈልጋል። በተቃራኒው «ምንም የለም» ለሚለው ጠያቂ የሚደረገው፣ ከዓምዶቹ አንዱን እያወጡ ቁጥሩ እንዴት እንደሚለወጥ ማየት ነው። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ጽሑፍ አለመኖሩ ሳይሆን አንድ የማያስፈልግ ዓምድ መጨመሩ ወይም ሌላ የትምህርት ዘርፍ ጉዳዩን በሌላ ስም መጥራቱ ነው። መግቢያ ላይ የጠቀስኳት ተማሪ ችግር ይኸው ነበር፤ እሷ የሥነ ትምህርት ቃላት ስትጠቀም ጽሑፎቹ የተቀመጡት በሥነ ልቦና ቃላት ነበር።

ሠልጣኙ የሚያካሂደውን ፍለጋ ሁሉ ይመዝግብ፦ ቀኑ፣ ዳታቤዙ፣ የተጻፈው የፍለጋ ሐረግ ሳይቆረጥ፣ የተገኘው ብዛት። ይህ ልማድ በተለይ ሥርዓታዊ ዳሰሳ ለሚያግዙት ባለሙያዎች የግድ ነው፤ በ2009 ወጥቶ በ2020 የተሻሻለው ፕሪዝማ የተባለው የዘገባ መመሪያ ፍለጋው በትክክል እንዴት እንደተካሄደ በግልጽ እንዲቀርብ ይጠይቃል። ጉግል ስኮላር ለመነሻ ቢጠቅምም ለአንድ ፍለጋ ከመጀመሪያዎቹ 1,000 ውጤቶች በላይ እንደማያሳይ፣ ስለዚህም ብቻውን ለእንዲህ ያለ ዳሰሳ እንደማይበቃ ሠልጣኞች ይወቁ። ለተመራማሪውም ሁለት ነገር አስቀድሞ ይነገረው፤ ሥርዓታዊ ዳሰሳ ወራት የሚፈጅ ሥራ መሆኑ፣ እና ባለሙያው ፍለጋውን ነድፎ ከሠራ በደራሲነት ይካተት ወይስ በምስጋና ይጠቀስ የሚለው ከሥራው በፊት ስምምነት እንደሚፈልግ።

ደረጃ 5፦ የማጣቀሻ መሣሪያዎች

ይህ ክፍል ከአንድ የከሰዓት ክፍለ ጊዜ በላይ አይወስድም። እንደ ዞቴሮ ያለ፣ ማጣቀሻዎችን የሚያከማችና ጽሑፍ ውስጥ የሚያስገባ፣ በነፃ የሚገኝ አንድ መሣሪያ ይመረጥና እያንዳንዱ ሠልጣኝ 20 ማጣቀሻ አስገብቶ፣ ድግሞሾችን አጣርቶ፣ የሁለት ገጽ ጽሑፍ ይጻፍበት። ከዳታቤዝ በቀጥታ የገባ መረጃ ንጹሕ ነው ብሎ ማመን የተለመደ ስሕተት ነው፤ የደራሲ ስምና የአባት ስም ተገለባብጦ፣ ርዕሱ ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደላት ተጽፎ ይገባል። ከ2019 ጀምሮ ዞቴሮ ከኅትመት የተሰረዙ ጽሑፎችን በማስጠንቀቂያ ስለሚያመለክት፣ ሠልጣኞቹ ቢያንስ አንድ የተሰረዘ ጽሑፍ አስገብተው ማስጠንቀቂያውን በዓይናቸው ይዩት።

ደረጃ 6፦ የት እናሳትም ለሚለው ጥያቄ መልስ ማዘጋጀት

«ይህ ጆርናል ትክክለኛ ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ክፍያ ከተጠየቀ በኋላ፣ አንዳንዴም ከተከፈለ በኋላ ነው። በተለምዶ ፕሬዳተሪ የሚባሉት ጆርናሎች ገንዘብ ተቀብለው ያለ እውነተኛ የአቻ ግምገማ (የዘርፉ ሌሎች ምሁራን ሳይመረምሩት) ያትማሉ። ጄፍሪ ቢል የተባሉት አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ያዘጋጁት የነበረው የታወቀ ዝርዝር በጥር 2017 ከድረ ገጽ ወርዷል፤ እኔም ሠልጣኞችን ዝርዝር ላይ ማስደገፍን አልደግፍም። ዝርዝር ያረጃል፣ ያከራክራል፤ የማጣሪያ ልማድ ግን ይቆያል።

ልምምዱ በአንድ የግብዣ ኢሜይል ይጀምር። መዝገብ በሚሰበሰብበት ጊዜ ከተመራማሪዎች በፈቃዳቸው የተገኙ ኢሜይሎች፣ የተቀባዩ ስም ጠፍቶ፣ ለሠልጣኞች ይታደሉ። እያንዳንዱ ቡድን የሚከተሉትን ያጣራል፦ የኢሜይሉ አድራሻ ከጆርናሉ ድረ ገጽ ጋር ይገጥማል ወይ? ባለ ስምንት አኃዙ የጆርናሉ መለያ ቁጥር (አይኤስኤስኤን) በይፋዊው መዝገብ ሲፈለግ ያንኑ ስም ያወጣል ወይ? «በስኮፐስ ተካቷል» የሚለው በራሱ በስኮፐስ የምንጮች ዝርዝር ይረጋገጣል ወይ? ክፍት ተደራሽነት (ጽሑፉን ማንም በነፃ የሚያነብበት አሠራር) አለኝ የሚል ከሆነ በ2003 በተመሠረተው የክፍት ተደራሽነት ጆርናሎች ማውጫ ይገኛል ወይ? አርታኢ ተብለው የተጠቀሱት ምሁራን በዩኒቨርሲቲያቸው ገጽ ላይ ይህን ኃላፊነት ጠቅሰውታል ወይ? ያሳተማቸው የቅርብ ጽሑፎች ሲነበቡ ከርዕሱ ጋር ይሄዳሉ ወይ? የአንድን እውነተኛ ጆርናል ስምና አይኤስኤስኤን ሰርቀው ተመሳሳይ ድረ ገጽ የሚከፍቱም አሉ፤ ስለዚህ ወደ ድረ ገጹ የሚኬደው ከኢሜይሉ ማስፈንጠሪያ ሳይሆን ከታመነ ማውጫ ተነሥቶ ነው።

ባለሙያው «አጭበርባሪ ነው» ብሎ አይፍረድ። ያገኘውን በጽሑፍ ይስጥ፣ ውሳኔው የተመራማሪው ይሁን፤ ይህ ሁለቱንም ይጠብቃል።

እግረ መንገድ ሦስቱ የጽሑፍ ደረጃዎች ይለዩ፦ ለጆርናሉ መጀመሪያ የተላከው ረቂቅ፣ በአቻ ግምገማ አልፎ ተቀባይነት ያገኘው የደራሲው ቅጂ፣ እና አሳታሚው ያተመው የመጨረሻ ቅጂ። ወደ ተቋማዊ ማከማቻ (ተቋሙ የተመራማሪዎቹን ሥራ በኢንተርኔት ወደሚያስቀምጥበት ቦታ) የሚገባው የቱ ነው የሚለው በአሳታሚው ፖሊሲና በተፈረመው ውል ይወሰናል፤ ብዙ አሳታሚዎች የሁለተኛውን ቅጂ ከተወሰነ የእገዳ ጊዜ በኋላ ይፈቅዳሉ። ሠልጣኙ የሦስት ጆርናሎችን ፖሊሲ በገዛ እጁ ፈልጎ ያውጣ።

ደረጃ 7፦ የተመራማሪ መለያና የመለኪያ ቁጥሮች

ከ2012 ጀምሮ የሚሰጠው ኦርኪድ የተባለው ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ ቁጥር የሚጠቅመው ስማቸው ከሌላው ስም ጋር ለሚመሳሰል፣ ወይም በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ለሚጻፍ ተመራማሪዎች ነው። ሠልጣኙ መጀመሪያ የራሱን ይክፈት።

ኤች-ኢንዴክስን የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ኸርሽ በ2005 ያቀረቡት ሲሆን፣ ቁጥሩ 10 የሆነ ተመራማሪ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ሠልጣኞች የአንድን ሰው ቁጥር በጉግል ስኮላር፣ በስኮፐስና በዌብ ኦፍ ሳይንስ ያውጡ፤ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ሲያገኙ ምክንያቱን ይፈልጉ። የሚሸፍኑት የጽሑፍ ብዛትና ዓይነት ይለያያል፤ ማንኛውም ቁጥር ደግሞ የተገኘበት ምንጭና ቀን ካልተጻፈበት ዋጋ የለውም። የጆርናል ኢምፓክት ፋክተር (የጆርናሉ ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳይ ቁጥር) የአንድን ጽሑፍ ወይም የአንድን ሰው ጥራት ለመመዘን መዋል እንደሌለበት የሚያሳስበው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫ በ2013 ይፋ ሆኗል፤ ለዕድገት ማመልከቻ ቁጥር ፍለጋ የሚመጡ መምህራን ስላሉ ባለሙያው ይህን ማወቁ ይረዳዋል።

ደረጃ 8፦ የጥናት ዳታ

ዳታ ሊገኝ፣ ሊደረስበት፣ ከሌላ ጋር ሊጣመርና እንደገና ሊሠራበት ይገባል የሚሉት የፌር መርሆች በ2016 ታትመዋል። መርሆቹን በቃል ማስጠናት ግን ምንም አያደርግም። ሆን ተብሎ የተዝረከረከ የኤክሴል ሠንጠረዥ ይስጧቸው፦ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ አዲስ»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ ሦስት ፋይሎች፣ አሃዱ ያልተጻፈ የክብደት ዓምድ፣ በቀለም ብቻ የተለዩ ረድፎች። ቡድኑ ፋይሉን ያዘጋጀውን ሰው ሳይጠይቅ ለመረዳት ይሞክር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ገላጭ ማስታወሻ ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አይጠበቅብዎትም።

የሶፍትዌር ጣጣም አይዘንጋ። ኤክሴል «ሴፕት2» እና «ማርች1» የሚባሉትን የጂን ስሞች ወደ መስከረምና መጋቢት ቀኖች እየለወጠ በታተሙ ጽሑፎች ውስጥ ሳይቀር ስሕተት በማስከተሉ፣ የሰው ጂኖችን ስም የሚሰይመው ኮሚቴ በ2020 እነዚህን ስሞች እስከ መለወጥ ደርሷል።

ባለሙያው የዳታ አያያዝ ዕቅድ ሲያግዝ ሊጠይቃቸው የሚገቡት ጥያቄዎች ቀላል ናቸው፦ ዳታው ምን ያህል ነው፣ ስንት ቅጂ አለው፣ የሰዎች ማንነት አለበት ወይ፣ ጥናቱ ሲያልቅ የት ይቀመጣል። የሰዎች ማንነት ያለበት ከሆነ ጥያቄው ወደ ሥነ ምግባር ኮሚቴው ይተላለፋል፤ እዚህ ላይ ባለሙያው በራሱ ግምት መልስ መስጠት የለበትም።

ደረጃ 9፦ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠሩ ማጣቀሻዎች

ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ዴስክ ላይ አዲስ ዓይነት ጥያቄ መጥቷል። ተማሪው የደራሲ ስም፣ የጆርናል ስም፣ ዓመትና ገጽ የያዘ ማጣቀሻ ይዞ ይመጣል፤ ጽሑፉ ግን በየትም የለም፤ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ፈጥረውታል። አስቸጋሪው ነገር ጆርናሉ እውነተኛ፣ ደራሲውም በዘርፉ የሚታወቅ ሊሆን መቻሉ ነው። ለሠልጣኞች አምስት እውነተኛና አምስት የተፈጠሩ ማጣቀሻዎችን ቀላቅለው ይስጧቸውና በዚህ ቅደም ተከተል ያጣሩ፦ የዲኦአይ ቁጥሩ (የጽሑፉ ቋሚ የኢንተርኔት መለያ) ይከፈታል ወይ፣ ከተከፈተስ ያንኑ ጽሑፍ ያመጣል ወይ፤ የጆርናሉ የዚያ ዓመት ቅጽ ማውጫ ጽሑፉን ይዟል ወይ፤ በደራሲው የሥራዎች ዝርዝር ውስጥ አለ ወይ። ሦስቱም «የለም» ካሉ ባለሙያው ተማሪውን ሳያሳፍር «ይህን ማጣቀሻ ከየት አገኙት?» ብሎ ይጠይቅ። ያልታተመ ጽሑፍ ፍለጋ ሰዓታት ከማባከን ይህች ጥያቄ ትሻላለች።

ደረጃ 10፦ ሥልጠናውን በጊዜ መዘርጋት

ለአምስት ተከታታይ ቀናት ከማሠልጠን ለ12 ሳምንታት በሳምንት ሁለት ሰዓት ማሠልጠን ይበልጣል፤ ሠልጣኙ ማክሰኞ የተማረውን ረቡዕ በዴስኩ ላይ ይሞክረዋልና። ከሁለቱ ሰዓት የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች በሳምንቱ ውስጥ አስቸጋሪ ሆኖ ለተገኘ አንድ ጥያቄ ይዋሉ፤ ባለጉዳዩ ባልደረባ ምን እንዳደረገ ይናገር፣ ሌሎቹ እነሱ ቢሆኑ ምን ያደርጉ እንደነበር ይበሉ። ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ሠልጣኙ ልምድ ካለው ባለሙያ አጠገብ ይቀመጥ፤ በመጀመሪያ እያየ፣ ቀጥሎ እየታየ። ከተመራማሪዎች የሚሰማው ያልታተመ ሐሳብ ከዴስኩ እንዳይወጣም በዚሁ ጊዜ ይስማማበት፤ ገና ያልታወቀ የጥናት ርዕስ በሻይ ሰዓት ወሬ ቢወጣ የሚጎዳው ሰው አለ።

አንዱ ሳምንት እንዳለ ለሠልጣኙ የራሱ ትንሽ ጥናት ይተው። የቤተ መጻሕፍቱን አንድ ችግር መርጦ ጥያቄ ያወጣል፣ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ ዳታ ይሰበስባል፣ ሦስት ገጽ ይጽፋል። አንድ ማጣቀሻ ጠፍቶበት ግማሽ ቀን የፈለገ ሰው ሌላ ጊዜ በሌላው ማጣቀሻ መጥፋት አይሰላችም።

ደረጃ 11፦ ውጤቱን መመዘን

በሥልጠናው ማብቂያ የሚሞላው የእርካታ ቅጽ የሚለካው የአዳራሹን ምቾትና የአሠልጣኙን ትሕትና ነው። ከሦስት ወር በኋላ በደረጃ 2 የተሰጡትን ዓይነት ስድስት አዳዲስ ተግባሮች መልሰው ይስጡ፤ የተጻፉትን መንገዶች ከቀደሙት ጎን አስቀምጠው ያነጻጽሩ። የጥያቄዎቹም መዝገብ አይቋረጥ። በተለይ «ለማን ተላለፈ» የሚለውን አምስተኛ ዓምድ ይከታተሉት፤ ብዙ ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቶ ይህ ዓምድ ባዶ ከሆነ፣ ሠራተኛው ጥያቄውን ለባልደረባው ማሳለፍን እንደ ሽንፈት እየቆጠረው ነው ማለት ነው፤ ያኔ ወደ ደረጃ 3 ተመልሶ፣ በሦስት ሰው በሚካሄደው ልምምድ ውስጥ «ይህን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ባልደረባ አለ፤ አብረን እንሂድ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ማለማመድ ያስፈልጋል።